ጭማሬና ቅናሽ

ባሌን «ሻይ ትጠጣለህ?» ብዬ ስጠይቀው መልሱ «እንደ ሁኔታው ነው» ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ምን ዓይነት ሁኔታ ነው ካልኩት ጉሮሮውን ይጠርግና «ሻዩ የፈላ ነው ወይስ ገና የሚፈላ?» ይላል። የፈላ ከሆነ መቼ እንደፈላ፣ ገና ከሆነ ምን ያህል እንደሚቆይ ማወቅ ይፈልጋል። እሱ ይህን ሲያጣራ እኔ የራሴን ጠጥቼ፣ ብርጭቆዬን አጥቤ፣ ሌላ ሥራ ጀምሬአለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። «ታገቢኛለሽ?» ብሎኝ «እሺ» ስለው ምንም ሳያጣራ ያገባኝ ሰው ነው። እንዲህ ያደረገው ሥራው ነው።

ሥራውን ለሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ጎረቤቶች «ባለቤትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ መጀመሪያ መጀመሪያ «መብራት ላይ ነው» እል ነበር። ከዚያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አምፖል በተቃጠለበት ቁጥር እኛ ቤት መምጣት ጀመረ። ባሌ አምፖል መቀየር አይችልም። እሱ የሚችለው አምፖሉ ባይቃጠል ኖሮ ምን ያህል ያበራ እንደነበር ማስላት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኃይል ጉዳዮች ችሎት የሚባል አለ። የመብራት ኩባንያው ታሪፍ ልጨምር፣ መስመር ልዝጋ፣ ምሰሶ ልንቀል ይላል፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አይሆንም ይላል፤ ይካሰሳሉ። ጠበቆቻቸው ሕግ እንጂ ሒሳብ አያውቁም፤ ዳኞቹም እንደዚያው። ስለዚህ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይቀጠርና የባለሙያ ምስክር ይባላል። ባሌ የኩባንያው ባለሙያ ምስክር ነው። ትራንስፎርመር መቼ እንደሚያረጅ፣ ሽቦ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚባክን፣ ምሰሶ በዝናብ ምን ያህል እንደሚጎዳ አስልቶ ከመዝገበ ቃላት የሚወፍር ሪፖርት ይጽፋል። ከዚያ ችሎት ፊት ቆሞ ይጠየቃል። ሲጠየቅ የሚያከብራቸው ሁለት ትእዛዛት አሉት፤ ያልተጠየቅኸውን አትመልስ፣ የተጠየቅኸውንም አትጨርስ። ይህን አመሉን ይዞት ቤት ይገባል። «በሩን ዘጋኸው?» ስለው «የትኛውን በር?» ይለኛል። ቤታችን ያለው በር አንድ ነው።

የተቆጣጣሪው ባለሙያ ምስክር ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንድሜ። አንድ እናትና አንድ አባት የወለዱን ታናሽ ወንድሜ። በዚህ ሙያ አገር ምድሩ ቢታሰስ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። አንድ ክፍል ነው የተማሩት፤ ባሌ እናቴ ቤት እግሩን ያስገባውም ከወንድሜ ጋር ላጥና እያለ ነው። ምን ሲያጠና እንደነበር እኔ አውቃለሁ። አሁን ችሎት ላይ ዓይንና ናጫ ናቸው፤ ሽንጣቸውን ገትረው ሲከራከሩ ይውሉና ሲወጡ በአንድ መኪና ይመጣሉ። የችሎቱ በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች ባሌን ጭማሬ፣ ወንድሜን ቅናሽ ይሏቸዋል። የባሌ ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ያለ፣ የወንድሜ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነውና።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ገብቶኝ እስኪያልቅ ዓመታት ወስዶብኛል። ሰብሳቢ ዳኛዋ፣ ጥበቃዎቹ እመት መሐል የሚሏቸው፣ የሁለቱን ባለሙያዎች ቁጥር ይሰሙና ለሁለት ይከፍሉታል። ሌላ ነገር አድርገው አያውቁም። ይህን ደግሞ ባሌም ያውቃል፣ ወንድሜም ያውቃል። ስለዚህ ባሌ እውነቱ ላይ ይጨምራል፣ ወንድሜ ከእውነቱ ይቀንሳል፣ እሳቸው መሐሉን ሲወስዱ እውነቱ ላይ ያርፋሉ። ሁሉም ደስ ብሎት ይበተናል። አንድ ቀን ባሌን «አንድ ሰው ብቻ ጠርተው እውነቱን ቢጠይቁት አይቀልም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። በጣም አዘነብኝ። «እሱ ሙያዊ አይሆንም» አለኝ።

እኔ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ከሥራ ወጥቼ ቤቴ ስገባ የሚለወጥብኝ የልጆቹ ቁመት ብቻ ነው።

እናታችን የምትኖረው ከከተማው ጫፍ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። ቤቱን አባቴ ነው በእጁ የሠራው፤ ደረጃዎቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ እንግዳ ሁሉ ይደናቀፍባቸዋል፣ እማዬ ግን ጨለማ ውስጥ ትወጣቸዋለች። ከገባችበት ቀን ጀምሮ ከዚያ ቤት ውጭ አድራ አታውቅም። እኔ ስወልድ እንኳ ቀን ቀን አርሳኝ ሲመሽ ትመለስ ነበር። «ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው» ትላለች። ከበሩ በላይ አንድ አምፖል አለች፤ እማዬ ሲመሻሽ ታበራታለች፣ እኛም ከበረንዳችን ሽቅብ እናያታለን። ባሌ ማታ ማታ ሻዩ ተጣርቶለት ሲያበቃ ብርጭቆውን ይዞ በረንዳ ይወጣል፤ አምፖሏን ይፈልጋታል፤ ሲያገኛት «እማማ ደህና ናቸው» ይላል። ይህን ሲል ጉሮሮውን አይጠርግም፣ እንደ ሁኔታው ነው አይልም። ሰውዬውን የምወደው በዚህ ነው።

እሁድ እሁድ ሁላችንም ኮረብታው ላይ እንውላለን። ባሌና ወንድሜ ሾርባቸው እየቀዘቀዘ ስለ ምሰሶ ዕድሜ ይነታረካሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እማዬ መሐላቸው ተቀምጣ «ልጆቼ የተማሩ ናቸው» ትላለች፤ ስታመሰግን ይሁን ስታዝን አይታወቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ኩባንያው የኮረብታውን መስመር ልዝጋ ብሎ ችሎት ገባ። ሰፈሩ ላይ የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው፣ መስመሩም አርጅቷል፣ አላዋጣኝም አለ። ሕጉ አንድ ወሰን አለው፤ መስመሩን ለማቆየት የሚወጣው ወጪ ከወሰኑ ካለፈ ኩባንያው ይዘጋዋል፣ ከወሰኑ ካነሰ መዝጋት አይችልም። ወጪው ምን ያህል ነው የሚለውን የሚናገሩት እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች ናቸው። በጉዳዩ ጥቅም የለንም ብለው መማል ነበረባቸው። መሐላው የሚጠይቀው ስለ አክሲዮን ነው። እናት አክሲዮን አይደለችም፤ ስለዚህ ሁለቱም እጃቸውን አንስተው ማሉ።

እማዬ ስኳር አለባት። በየቀኑ የምትወጋው መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መብራቱ ከሄደ ፍሪጁ ሄደ፣ ፍሪጁ ከሄደ እማዬ ከኮረብታው ወርዳ እኔ ቤት መግባቷ ነው። እኔ ከእሷ ጋር መኖር ጠልቼ አይደለም። እማዬ እንግዳ ሆና መኖር አትችልም፤ የሰው ቤት ሻይ ስትጠጣ እንኳ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ነው የምትይዘው። 

እሷ ግን ነገሩን ስነግራት ሳቀች። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?» አለችኝ። «እኔ ሁለት ባላ ተክያለሁ። አንዱን ወልጄዋለሁ፣ ለአንዱ ልጄን ድሬለታለሁ። ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?»

ያን ዕለት ማታ ባሌን ያዝኩት። «የእናቴን ነገር ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«እኔ ነጻ ባለሙያ ነኝ» አለ።

«ከማን ነው ነጻ የሆንከው?»

«ጥያቄው ግልጽ አይደለም።»

 «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያልኩ ትራሴን ይዤ ሳሎን ሄጄ ተኛሁ። በማግስቱ ወንድሜ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። እሱ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እርሳሶች በቁመታቸው ደርድሮ ጨርሶ እንደገና ሲደረድር ደረስኩበት።

«እታለም» አለኝ፣ «እናቴ እዚያ ስለምትኖር ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው እኔ ላይ ነው። ስሜን ማንም እንዲያነሳው አልፈልግም።»

«ስምህን ተወው፣ ቁጥሩን ንገረኝ።»

«ቁጥር ከችሎት በፊት አይነገርም» አለና ወደ እርሳሶቹ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ቅናሽ መቼም ቅናሽ ነው ብዬ ልቤን አሳርፌ ወጣሁ። የሰው ልብ የሚያርፍበትን ቦታ አይመርጥም።

የችሎቱ ቀን ፈቃድ ጠይቄ እማዬን ይዤ ሄድኩ። የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አስወልውላ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የቀረው ሰው ሁሉ ብርድ ይዞታል፤ የኃይል ጉዳዮች ችሎት ማሞቂያ አይሠራም። ሪፖርቶቹ የሚቀርቡት እዚያው፣ ያን ዕለት ነው። ጠበቆቹ የራሳቸውን ባለሙያ ሪፖርት አንብበው አያውቁም፤ እጃቸው ላይ መዘን መዘን ያደርጉትና «ጥሩ ነው» ይላሉ። ለዓመታት ያልተለወጠን ነገር ማን ያነባል?

መጀመሪያ የተጠራው ባሌ ነው። ክራቫቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የኮረብታው መስመር ወጪ ይህን ያህል ነው ብሎ ቁጥሩን ተናገረ። ቁጥሩ ከወሰኑ በታች ነበር።  የኩባንያው ጠበቃ ፈገግ እንዳለ ቀረ፤ ፊቱ ገና አልሰማም ነበር። ቀጥሎ ወንድሜ ተነሳ። ወንድሜ ሲታበይ ጆሮው ይቀላል፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ ቀልተዋል። እሱም ቁጥሩን ተናገረ። ቁጥሩ ከወሰኑ በላይ ነው፣ ያውም በብዙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልናገር ብል ማን ያምነኛል። የኩባንያው ጠበቃ ተነስቶ የገዛ ባለሙያውን «ይህን ሒሳብ ከየት አመጡት?» እያለ ያፋጥጠው ጀመር። ይህኔ የተቆጣጣሪው ጠበቃ ብድግ አለና «ምስክሩን አያስጨንቁብኝ፣ እጅግ የተከበሩ ባለሙያ ናቸው» ብሎ ለባሌ ተከራከረ፤ ለዓመታት ቀጣፊ ሲለው የኖረ ሰውዬ ነው። የኩባንያው ጠበቃ ደግሞ ነገሩ ሲገባው ዞሮ የወንድሜን ሪፖርት ያወድስ ጀመር። ዳኞቹ ዕረፍት ብለው ወጡ። ኮሪደር ላይ አንዱ ጥበቃ ወደ እኔ ተጠግቶ «እመቤት፣ ዛሬ ጭማሬው የትኛው ነው?» አለኝ። 

እማዬ ከተባለው ሁሉ አንድም አልገባትም፤ አንድ ነገር ግን ገብቷታል። «የኔው ልጅ ነው ይዘጋ ያለው?» አለችኝ። «ይዘጋ አላለም እማዬ፣ ቁጥር ነው የተናገረው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ከዕረፍት መልስ እመት መሐል ያው መሐሉን ወሰዱ። ሌላ ምን ያውቃሉ? ጉዱ ግን መሐሉ የወደቀው ልክ ወሰኑ ላይ መሆኑ ነው። አላለፈም፣ አላነሰም። ሕጉ ካለፈ ይዘጋ፣ ካነሰ ይቆይ ይላል እንጂ እኩል ቢሆን ምን ይደረግ አይልም። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡ፣ ከዚያም እንደ ልማዳቸው ቀኑንም ለሁለት ከፈሉት፤ ኮረብታው በቀን ግማሹን መብራት ያግኝ፣ ግማሹን አያግኝ አሉ። የትኛው ግማሽ ይሁን ብለው ባለሙያዎቹን ጠየቁ። ወንድሜ ከማለዳ እስከ ምሽት አለ። ባሌ ከምሽት እስከ ንጋት ይሁን አለ። እሳቸውም መሐሉን ወስደው ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ብለው ወሰኑ። ሁለቱም ጠበቆች አሸነፍን ብለው ተጨባበጡ።

እዚያው ሰፈር ያለ መድኃኒት ቤት ገብቼ ጠየቅሁ። ባለሙያዋ ሴትዮ «ግማሽ ቀን ቀዝቅዞ ግማሽ ቀን የሚሞቅ መድኃኒት በሙቀት ወራት ለሰው አልሰጥም፤ እናትሽን አውርጃቸው» አለችኝ። ይቺ ሴትዮ እንደ ሁኔታው ነው አላለችም።

እማዬን ይዘን በባሌ መኪና ወደ ኮረብታው ስንወጣ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ባሌ የቀነሰው ለእማዬ ብሎ ነው። ቀጣሪዎቹ እንዳይነቁበት ግን እንደ ፈሪ ጨው ጨማሪ በቁንጥር ነው የቀነሰው። ወንድሜ የጨመረው ለእናቱ አደላ እንዳይባል ነው፤ እሱ ደግሞ ቀና ልሁን ሲል ልክ የለውም፣ በአካፋ ነው የጨመረው። «አንተ ትቀንሳለህ ብዬ መች አሰብኩ?» ይላል ወንድሜ። «አንተስ ስትጨምር ማን አየህ?» ይላል ባሌ። አንዱ የአንዱን ሪፖርት ገጽ እየጠቀሰ እስከ ቤቱ ደጃፍ ተጨቃጨቁ። እማዬ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ቤት ገብታ ነጠላ ጫማዋን አደረገችና ሁለቱን ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻቸው። «አሁን እኔ ልጠይቃችሁ» አለች። «ችሎቱን ተዉት። ዳኛዋን ተዉት። እናንተ በልባችሁ ልክ ነው የምትሉት ስንት ነው?»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሜ «እማዬ፣ እሱ በምን ዘዴ እንደተሰላ...» ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት። እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ሕፃናት ሲጣሉ እውነቱን የማወጣበት መንገድ አለኝ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አቆማቸውና በየጆሮዬ አንድ ላይ እንዲያንሾካሹኩ አደርጋለሁ፤ አንዱ ሌላውን ሰምቶ አይቀይርም። «ተነሱ» አልኳቸው። ተነሱ። ሁለት ሸበቶ ሰዎች ጎንበስ ብለው፣ ባሌ በግራ ጆሮዬ፣ ወንድሜ በቀኝ ጆሮዬ ቁጥራቸውን ተናገሩ።

አንድ ነው። ልክ አንድ ዓይነት ቁጥር። ያውም ከወሰኑ እጅግ ዝቅ ያለ።

ቁጥሩን ጮክ ብዬ ለእማዬ ስነግራት ሁለቱ ተያዩ። በሕይወታቸው የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል። እኔ ግን እያሰላሁ ነበር። እንደ ልማዳቸው ባሌ ጨምሮ፣ ወንድሜ ቀንሶ ዋሽተው ቢሆን ኖሮ መሐሉ ይቺ ቁጥር ላይ ያርፍ ነበር፤ መብራቱን ማንም አይነካውም ነበር። ሁለቱም ደግ ልሁን ያሉት በአንድ ቀን ሆነና አረፈው። በጣም ተናደድኩ፣ በጣምም አሳዘኑኝ፣ የትኛውን እንደማስቀድም አላወቅሁም።

«ታዲያ ይህን ለምን አልተናገራችሁም?» አለች እማዬ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው እኮ እማማ፣ ትንሽ ላግዝዎት ብዬ» አለ ባሌ።

«ለእናቱ አደላ እንዳልባል ነው» አለ ወንድሜ፤ ጆሮዎቹ አሁን አልቀሉም።

«እኔ አድሉልኝ መች አልኳችሁ፣ ልጆቼ» አለች። አልተቆጣችም። «ልክ ልኩን ብትሉት ይበቃኝ ነበር።»

ከዚያ ተነስታ ፍሪጁን ከፈተችና መድኃኒቷን አንድ በአንድ እያወጣች በፎጣ ጠቀለለቻቸው። እኔ ልብሷን በሻንጣ አጠፍኩላት። ወንድሜ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ በፊት ሲያለቅስ ያየሁት አባታችን የሞተ ቀን ብቻ ነው። እማዬ ስትወጣ ቤቱን ቆለፈች፣ ቁልፉን ጡቷ መሐል አደረገች፣ ያንን ጠማማ ደረጃ ማንም ሳይደግፋት ወረደች። ሲመሻሽ ያበራቻትን አምፖል ሳታጠፋ መሄዷን አይቻለሁ። ረስታ ይሁን አውቃ አልጠየቅኋትም።

አሁን የምትኖረው እኛ ጋ ነው። መድኃኒቷ የፍሪጃችን በር ላይ ነው፣ ከልጆቹ ጭማቂ ጎን። ጠዋት ጠዋት አልጋዋን ማንም ሳይነሳ ታነጥፋለች፤ ሻይ ስሰጣት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ትይዛለች። ባሌና ወንድሜ አዲስ ጉዳይ ይዘዋል፤ ጭማሬው ይጨምራል፣ ቅናሹ ይቀንሳል፣ እመት መሐል ይከፍላሉ። ሙያው ወደ ቦታው ተመልሷል። እሁድ እሁድ እኛ ቤት ሲሰበሰቡ ግን ስለ ምሰሶ አያወሩም፤ ሾርባቸውን ሳይቀዘቅዝ ይጠጣሉ።

ባለፈው ሲመሻሽ ባሌ እንደ ልማዱ በረንዳ ወጣ። እማዬ ከኋላው ወንበሯ ላይ ጋቢዋን ደርባ ተቀምጣለች፤ እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ነኝ። ኮረብታው የምሽት ድርሻውን መብራት አግኝቷል፤ የእማዬም አምፖል ሰው በሌለበት ቤት በር ላይ ቦግ ብላለች። ባሌ አያትና ፊቱ ፈታ አለ። «እማማ ደህና ናቸው» አለ፣ ሳያስበው፣ ከልማድ።

እማዬ አምፖሏን አሻግራ አየች።

«እንደ ሁኔታው ነው» አለች።

ባሌ ዞሮ ሊያያት አልቻለም። ባለበት ቆመ፤ እኔም ሻዩን ይዤ ወደ ውስጥ ተመለስኩ።